የአሮጌ ግንድ ነጭ ወይን፦ ዝም ያለኝን የቩቭሬ ጠርሙስ እንዴት ልረዳው?

ሰፈፍ

ጤና ይስጥልኝ። በነጭ ወይን ጠጅ ላይ ከእኔ የተሻለ ልምድ ያላችሁን ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። በቅርቡ በፈረንሳይ፣ ከቱር ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሏር ወንዝ ቀኝ ዳርቻ ከሚገኘው ከቩቭሬ የመጡ ሁለት ጠርሙሶችን እያንዳንዳቸውን በ19 ዩሮ ገዛሁ። አምራቹ ጥቂት ሄክታር ማሳ ያለው አንድ ቤተሰብ ነው፤ ወይኑን የሚያለሙትም፣ የሚጠምቁትም፣ በጠርሙስ የሚያሽጉትም እነርሱው ናቸው። መከሩ እ.ኤ.አ. የ2019 ሲሆን ዝርያው ሸናን ብላን ብቻ ነው። በፊት ለፊቱ ወረቀት ላይ «ሴክ» እና «ቪዬይ ቪኝ» የሚሉ ቃላት፣ ማለትም «ደረቅ» እና «አሮጌ የወይን ግንዶች»፣ ታትመዋል፤ የጀርባው ወረቀት ደግሞ ግንዶቹ ከ70 ዓመት በላይ እንደሆናቸው ይናገራል።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ በማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬ እንዳወጣሁት ከፈትኩት። ከብርጭቆው የወጣው ሽታ በጣም ጥቂት ነበር፦ ትንሽ ሎሚ፣ ትንሽ ዝናብ የነካው ድንጋይ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ የተጫረ ክብሪት የሚመስል ነገር። ስቀምሰው ኮምጣጣነቱ ምላሴን ጨምድዶ ያዘው፤ ሆኖም ከዋጥኩት በኋላ ጣዕሙ ቶሎ አልጠፋም፤ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ተሰማኝ፣ ምን እንደሆነ መለየት ግን አቃተኝ። እስካሁን የለመድኳቸው ነጭ ወይኖች ገና ሲቀዱ የፍራፍሬ ሽታቸው አፍንጫን የሚሞላ ስለነበሩ ይህኛው ዝምታው ግራ አጋባኝ። በዚህ ላይ ከጠርሙሱ ሥር እንደ ስኳር የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ቅንጣቶች አገኘሁ።

ወይኑ ተበላሽቶ ይሆን ወይስ እኔ ነኝ ያልተረዳሁት? «የአሮጌ ወይን» የሚለው ቃልስ በእርግጥ የሚቀመስ ነገር አለው ወይስ ለገበያ የተጻፈ ነው? ሁለተኛው ጠርሙስ ገና አልተከፈተም፤ እንደ መጀመሪያው በከንቱ እንዳላሳልፈው እፈልጋለሁ።

ምድር ቤት

ውድ ሰፈፍ፣ ከገለጹት ሁሉ ውስጥ የተበላሸ ወይን ምልክት የሆነ አንድም ነገር አላየሁም። ወይኑ ቢበላሽ ኖሮ ቡሹን ያጠቃው ሻጋታ እርጥብ ካርቶን፣ እርጥብ ምድር ቤት የሚመስል ሽታ ያመጣ ነበር፤ ወይም አየር ገብቶበት ቢሆን ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዶ የጠወለገ ፖም ይሸት ነበር። የእርስዎ ጠርሙስ በጣም ቀዝቅዞ ነው የተከፈተው።

ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የተቀዳ ወይን በአራትና በአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይገኛል። በዚህ ቅዝቃዜ ሽታ የሚሸከሙት ንጥረ ነገሮች ተንነው ወደ አፍንጫ ሊደርሱ አይችሉም፤ ኮምጣጣነቱ ግን ይበልጥ እየጎላ ይሄዳል፤ እርስዎም ያገኙት በትክክል ይህንኑ ነው። ለጥማት ለሚጠጣ ቀላል ነጭ ወይን 8 ዲግሪ ሊበቃ ይችላል። ከአሮጌ ግንድ የተሠራን ሸናን ግን እኔ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው የምጠጣው፤ ለዚህም የራሴ ምክንያት አለኝ። በቩቭሬ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው ገደል ቱፎ ከሚባል ለስላሳ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ድንጋዩ ለቤትና ለቤተ መንግሥት ግንባታ እየተፈለፈለ ሲወጣ የቀሩት ዋሻዎች የወይን ማከማቻ ሆኑ፤ በውስጣቸው ያለው ሙቀትም ክረምት ከበጋ በ12 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ ወይኑን የሠራው ሰው ከበርሜሉ እየቀዳ የሚቀምሰው፣ «አሁን ደርሷል» ብሎ የሚወስነውም በዚያ ሙቀት ነው። ጠጪውም በዚያው ሙቀት ቢቀምሰው ሁለቱ ስለ አንድ ወይን እየተነጋገሩ ነው ማለት ይቻላል።

የክብሪቱ ሽታ የሚመጣው ወይኑ ከእርሾ ዝቃጩ ጋር አየር ሳያገኝ በቆየበት ጊዜ ከሚፈጠሩ የድኝ ውህዶች ነው። አየር ሲነካው በአብዛኛው ይጠፋል። ቅንጣቶቹም ስኳር አይደሉም፣ የመስታወት ስባሪም አይደሉም፦ በወይን ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ታርታሪክ አሲድ ከፖታሲየም ጋር ተጣምሮ በቅዝቃዜ ሲጠጥር እንደዚያ ያብረቀርቃል። ትልልቅ አምራቾች ይህ በገዢው ዓይን ፊት እንዳይከሰት ወይኑን ከማሸጋቸው በፊት ከዜሮ በታች ለቀናት ያቀዘቅዙታል፤ ብዙ ትናንሽ ቤተሰቦች ግን ወይኑን በዚያ መንገድ ማንገላታት አይፈልጉም። ጉዳት የለውም፤ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው አቁመው በእርጋታ ቢቀዱት ቅንጣቱ ከሥር ይቀራል።

ሁለተኛውን ጠርሙስ በተመለከተ የምለምንዎት አንድ ነገር ቢኖር በአንድ ማዕድ አይጨርሱት። ከመጠጣትዎ ከአንድ ሰዓት በፊት ከማቀዝቀዣ አውጥተው ይክፈቱት፤ ግማሹን ወደ ሰፊ የመስታወት ጆግ ገልብጠው ይተዉት፤ ሌላውን ግማሽ መልሰው በቡሹ ይድፈኑትና እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ በየዕለቱ አንድ አንድ ብርጭቆ እየቀዱ ይቅመሱ። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ቢሆን ሽታው ይሰበሰባል፤ ከሲሶው በላይም አይሙሉት።

ስትቀምሱ ደግሞ «ምን ፍሬ ይሸታል?» ከሚለው ጥያቄ መጀመር ለእንዲህ ዓይነቱ ወይን የሚመች አይደለም። ብዙዎቻችን ወይን መቅመስን ስንማር የፍራፍሬ ስም እንድንደረድር ስለተነገረን ፍሬው ያልጎላበትን ወይን ባዶ አድርገን እናየዋለን። እኔ መጀመሪያ የማስተውለው በምላስ ላይ ያለውን ክብደት ነው፤ ውኃ ያህል ይፈስሳል ወይስ እንደ ዘይት ትንሽ ይንከባለላል? ቀጥሎ ኮምጣጣነቱ የት እንደሚያርፍ አያለሁ፤ ከፊት ነድፎ የሚያቆም ነው ወይስ ጣዕሙን ተሸክሞ እስከ ጉሮሮ የሚዘልቅ? ከዋጥኩ በኋላም ጣዕሙ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ በልቤ እቆጥራለሁ። እርስዎ «ቶሎ አልጠፋም» ብለው የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ሳያውቁት ከወይኑ ዋና ነገር ጋር ተገናኝተዋል፤ እኔም ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም የተደሰትኩት በዚያ ቃል ነው።

ሸናን በጠርሙስ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱን የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለውም ይወቁ። በወጣትነቱ አረንጓዴ ፖምና አበባ ይሸታል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ዓመታት ሲያልፉ ምንም ስኳር ሳይኖረው ማር፣ ደረቅ ሣር፣ የተቆላ ለውዝ፣ የማር ሰም እያለ ይመጣል። የመረጡት የብዕር ስም ራሱ ወደፊት የሚገናኙትን ሽታ የሚጠራ ነው።

ሐረግ

ምድር ቤት ስለ አቀዳዱ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ። እኔ የምመልሰው «አሮጌ ወይን» የሚለውን ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ሰው ሲታለል ስላየሁ ትንሽ ጠንከር ብዬ ብናገር ይቅር በሉኝ።

በፈረንሳይ ሕግ «ቪዬይ ቪኝ» ለሚለው ቃል የተወሰነ የዕድሜ መጠን የለም። የ25 ዓመት ተክል ያለው አምራችም፣ የ100 ዓመት ተክል ያለው አምራችም ቃሉን እኩል ሊያትሙት ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የወይንና የወይን ጠጅ ድርጅት በ2024 ባወጣው ውሳኔ አሮጌ የሚባለው ዕድሜው በሰነድ የተረጋገጠ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ተክል እንደሆነ፣ አሮጌ ማሳ ለመባልም ከተክሎቹ ቢያንስ 85 በመቶው ይህን ማሟላት እንዳለባቸው አስቀምጧል፤ ይህ ግን ለአገሮች የቀረበ ምክር እንጂ የፈረንሳይን አምራች በወረቀቱ ላይ የሚያስገድድ አይደለም። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አይመኑት። የተተከለበት ዓመት ተጽፏል ወይ? የማሳው ስም አለ ወይ? «ሚ አን ቡቴይ ኦ ዶሜን» ማለትም «በአምራቹ ይዞታ የታሸገ» ይላል ወይ? እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ «አ ላ ፕሮፕሪዬቴ» የሚለው ተመሳሳይ ሐረግ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የሚጠቀሙበት ስለሆነ ቤተሰቡ ራሱ ማሸጉን አያረጋግጥም። በቡሹ መሸፈኛ ላይ በርሜል የተሸከመ ሰው ምስል ካዩ ደግሞ አምራቹ የራሱን ፍሬ ራሱ የሚጠምቅ የገለልተኛ ወይን አምራቾች ማኅበር አባል ነው።

የዕድሜው ጥቅም ምንድን ነው ቢባል፣ ያረጀ ግንድ የሚሰጠው ፍሬ ያነሰ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች የሄደ ስለሆነ በድርቅ ዓመትም፣ በዝናብ ዓመትም እንደ ወጣቱ አይዋዥቅም፤ በግንዱ ውስጥ ያከማቸው ስንቅም የሚያግዘው ይመስላል። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ጥሩ ወይን አይሠራም። በመጥፎ ቦታ የተተከለ ወይን ቢያረጅም በመጥፎ ቦታ ያረጀ ወይን ነው። እኔ በብርጭቆ ውስጥ የምፈልገው ከዕድሜው ይልቅ በዚያ ዕድሜ ምክንያት ሳይጠፋ የቀረውን ብዝኃነት ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተረጋገጡና አንድ ዓይነት ችግኞች በችግኝ ጣቢያዎች በሰፊው መሰራጨት ሳይጀምሩ በፊት፣ ገበሬው አዲስ ማሳ ሲተክል ከራሱ ወይም ከጎረቤቱ ማሳ ደህና ደህናዎቹን ግንዶች መርጦ ቅርንጫፍ ይቆርጥ ነበር፤ ፈረንሳዮች ይህንን «ሴሌክሲዮን ማሳል» ይሉታል። በእንዲህ ዓይነቱ ማሳ ውስጥ ሁሉም ሸናን ቢሆኑም አንዱ ቀድሞ ይበስላል፣ ሌላው ቆዳው ይወፍራል፣ ሦስተኛው ዘለላው ይላላል፣ አራተኛው ኮምጣጣነቱን እስከ መጨረሻው ይይዛል። በአንድ ቀን ተለቅመው አንድ ላይ ሲጠመቁ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ምድር ቤት የጠቀሱት የጣዕም ርዝመት ከዚህ ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ የእኔ እምነት ነው፣ የሚከራከረኝ ካለም በደስታ እሰማለሁ።

እንዲህ ያለ ማሳ ከተነቀለ አይመለስም። የፈረንሳይ ወይን አንድ ጊዜ ይህን አይቷል፤ በ1860ዎቹ ከሰሜን አሜሪካ የገባው ፊሎክሴራ የሚባል ሥር በል ነፍሳት የአገሪቱን ማሳ አብዛኛውን አጠፋ፣ መፍትሔውም የአውሮፓውን ወይን ነፍሳቱን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አዳቅሎ መትከል ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ «አሮጌ» የምንለው ማሳ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ወዲህ የተተከለ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እጅግ ጥቂት ነው፤ በደቡብ ምዕራብ በዤርስ አውራጃ፣ ሳራጋሺ በሚባል መንደር በአሸዋማ አፈር ላይ በገዛ ሥሩ የቆመው ማሳ በ2012 እንደ ቤተ ክርስቲያንና እንደ ግንብ በታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበው በዚህ ብርቅነቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤስካ የሚባል የግንድ በሽታ አለ፤ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን ሸናንን በጣም ያጠቃል፤ ለመከላከያ ይረጭ የነበረው የአርሰኒክ መድኃኒት መርዛማ ስለሆነ በ2001 ተከልክሏል። የሞተው ግንድ በወጣት ስለሚተካ «የ70 ዓመት ማሳ» ውስጥ ያለው ሁሉ 70 ዓመት የሞላው አይደለም። ሐቀኛ አምራች ሲጠየቅ ይህን አይደብቅም፤ ስለዚህ ጻፉላቸውና ጠይቋቸው።

ቃርሚያ

ሐረግ ስለ ማሳው የጻፉትን ሳነብ እጆቼ አስታወሱት። በሏር ሸለቆ፣ ከቩቭሬ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ለሁለት መከር ከአንድ ቤተሰብ ጋር በለቀማ ሠርቻለሁ።

አሮጌው ማሳ ከሩቅ ይለያል። ወጣቱ ማሳ በሽቦ ላይ የተሰመረ ነው፤ አሮጌው ውስጥ ግን አንዱ ግንድ ጭን ያህል ወፍሮ ወደ መንገዱ ያዘነብላል፣ ሌላው መሐሉ ተሰንጥቆ በአንድ ጎኑ ብቻ ያፈራል፣ በመካከላቸው ደግሞ ሰው የሚያህል ክፍተት አለ። የለቀማ መኪና የማይገባበትም ለዚህ ነው። በመቀስ ነው የሚለቀመው፤ ዘለላው ትንሽ ስለሆነ ባልዲው ቶሎ አይሞላም፤ ሁሉም እኩል ስለማይበስል ወደዚያው ረድፍ በሳምንት ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ እንመለስ ነበር።

ሒሳቡን በዓይኔ ስላየሁት ልናገረው። አንድ ሄክታር ወጣት ማሳ 50 ሄክቶ ሊትር (5,000 ሊትር) ሲሰጥ፣ አሮጌው በደህና ዓመት 25 ይሰጥ ነበር፤ ይህም ወደ 3,300 ጠርሙስ ያህል ነው። የአሮጌው ማሳ ጠርሙስ ዋጋ ደግሞ እጥፍ አይሆንም። ነቅለው አዲስ ቢተክሉ ለሦስት ዓመት ያህል የሚሸጥ ወይን ባያገኙም ከዚያ በኋላ ገቢያቸው ይጨምር ነበር። ለምን እንደማይነቅሉት አባትየውን ጠየቅኋቸው፤ አያታቸው የተከሉት መሆኑን ነገሩኝና ወዲያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሁለተኛው ዓመት 2021 ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ የወረደው ውርጭ የፈረንሳይን ማሳዎች ከዳር እስከ ዳር የጎዳበት ዓመት ነው። ቤተሰቡ በረድፎቹ መካከል ትልልቅ የሰም ሻማዎች አብርተው ሌሊቱን ቢያድሩም ለጋው እንቡጥ ብዙው ተቃጥሏል። በመከር ጊዜ ስንሄድ በአንዳንዱ ረድፍ ጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዘን አንድ ባልዲ አልሞላንም። ሰፋፊ ይዞታ ያለው ወይም ከሌላ ገዝቶ የሚጠምቅ ነጋዴ ይህን ይቋቋመዋል፤ አምስት ሄክታር ብቻ ያለው ቤተሰብ ግን የዓመት ገቢው በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ስለዚህ ሰፈፍ፣ በ19 ዩሮ የገዙት ርካሽ ነው እላለሁ።

ምድር ቤት

ቃርሚያ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሰፈፍ አንድ የዘነጋሁትን ልጨምር፦ «ሴክ» ማለት ፈጽሞ ስኳር የለም ማለት አይደለም። በአውሮፓ ደንብ በአንድ ሊትር እስከ 4 ግራም፣ ኮምጣጣነቱ በቂ ከሆነ ደግሞ እስከ 9 ግራም ስኳር ያለው ወይን ደረቅ ይባላል። በቩቭሬ በዚህ ድንበር ላይ ላለው ወይን «ሴክ ታንድር»፣ ለስላሳ ደረቅ፣ የሚል የአነጋገር ስም አላቸው። ሲሞቅ ጥቂት ጣፋጭነት ቢመጣ እንዳይደናገጡ።

ሰፈፍ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ጠርሙስ በተነገረኝ መሠረት ከፍቼው ዛሬ ጨርሼዋለሁ፤ ያየሁትንም እንዳለ ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን የክብሪቱ ሽታ እንደገና መጣ፤ በጆግ ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ግን ጠፋ። ከዚያ የመጣው የፖም ልጣጭና ከጭድ ክምር የሚነሣ ዓይነት ሽታ ነበር። ኮምጣጣነቱ ያው ነው፤ አሁን ግን አልነደፈኝም። በምድር ቤት ምክር ከዋጥኩ በኋላ ቆጠርኩ፤ ሃያ ላይ ስደርስ ጣዕሙ ገና እዚያው ነበር፤ ከለመድኳቸው ወይኖች ስድስትና ሰባት የሚደርስ ጥቂት ነው።

በሁለተኛው ቀን ያገኘሁትን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። የወይኑ ክብደት የጨመረ መሰለኝ፤ ሽታው አሁንም ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ጣዕሙ በአፌ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለወጠ፦ ከፊት ሎሚ፣ በመሐል የለውዝ ቅባት የመሰለ ነገር፣ በመጨረሻ ጨው ያልሆነ ነገር ግን ጨውን የሚያስታውስ ምራቅ የሚያስመጣ ስሜት። ሐረግ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ያሉትን በዚያ ቅጽበት አስታወስኩ፤ እውነት ከዚያ ይምጣ አይምጣ የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም፣ ግን አባባሉ ካየሁት ጋር ተስማማልኝ።

በሦስተኛው ቀን የቀረው ከግማሽ ብርጭቆ ያነሰ ነበር። ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ስለነበር ሳገኘው ከ13 ዲግሪም አልፎ ሳይሆን አይቀርም። ገና ብርጭቆውን ሳነሣ የማር ሰም ሸተተኝ። ደካማ ነበር፣ እንደገና ሳሸተውም ጠፋብኝ፤ ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ግን ነበረ።

ለቤተሰቡም ጽፌ ነበር። ልጅየው በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ፤ ማሳው በሁለት ጊዜ እንደተተከለ፣ ከግንዶቹ አምስተኛ ያህሉ በኤስካ ምክንያት የተተኩ ወጣቶች እንደሆኑ፣ የወጣቶቹን ፍሬም ለይተው ለሌላ ወይን እንደሚጠቀሙበት ሳልጎተጉተው ነገረኝ። ከዚያው መከር ሦስት ጠርሙሶች ቀርተውታል፤ ሦስቱንም አዘዝኩ። አንዱን በሚመጣው ዓመት፣ አንዱን ከአምስት ዓመት በኋላ ልከፍት አስቤያለሁ፤ ሦስተኛውን ግን ከብርሃን በራቀ ቀዝቃዛ ቦታ በጎኑ አስተኝቼ ስንት ዓመት ብተወው እንደሚሻል የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ምድር ቤት

በጥሩ ዓመት የተሠራ የቩቭሬ ወይን ዕድሜው የሰው ዕድሜ ያህል ነው፤ ከ1947 መከር የመጡ ጣፋጮቹ ዛሬም ስማቸው ይነሣል። የደረቁ ግን ከእነርሱ ያነሰ ይቆያል፤ ማከማቻዎ ከ14 ዲግሪ የማያልፍ ከሆነ ሦስተኛውን መከሩ ሃያ ዓመት እስኪሞላው፣ እስከ 2039 ድረስ፣ ያለ ስጋት ይተዉት። ቡሹን ግን በየጊዜው ይመልከቱት፤ ወይን ሾልኮ ከውጭ በኩል ካረጠበው አይጠብቁ፣ ያን ዕለት ይክፈቱት።